ትስቃለች ብለን

ባለፈው እሑድ የእህቴን ልጅ ሰርከስ ላሳያት ወሰድኳት። ሰባት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት፣ እዚህም ሚጣ ትሁን።

ትርኢቱ አሪፍ ነበር። አንዱ ልጅ ወንበር በወንበር ላይ እየደረደረ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ከዚያ ጫፉ ላይ ወጥቶ በአንድ እጁ ቆመ። ከጎኔ የነበሩ እናት «በስመአብ!» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ግን በነጠላው ውስጥ አሾልከው ያዩ ነበር። ሌላው ልጅ አራት ኮፍያ እየወረወረ ሲቀልብ አንዱ አመለጠው። ደገመ፣ አሁንም አመለጠው። ልጁ ራሱ ሳቀ። በሦስተኛው ሲሳካለት አዳራሹ ቀወጠው። በመጀመሪያው ቢሳካለት ኖሮ እንዲያ አይጨበጨብለትም ነበር።

ስንወጣ ሚጣ ዝም አለች። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣ ስታዲየም ጋ ስንደርስ ድንገት፦

«አጎቴ፣ ዝሆኑስ?»

«የምን ዝሆን?»

«የሰርከሱ ዝሆን።»

ቀለም የምትቀባበት ደብተር ላይ ሰርከስ ማለት ኳስ ላይ የቆመ ዝሆን ነው። ጭንቅላቱ ላይ ትንሽዬ ባርኔጣ አለች። ሚጣ ዝሆኑን ሐምራዊ ቀብታዋለች። ረዳቱ ሰምቶ «ዝሆኑ ዛሬ እረፍት ነው» አላትና ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ተሸወድኩ ብላ ነው መሰለኝ።

እውነቷን ነው እንጂ፤ የኛ ሰርከስ ዝሆን የለውም። አንበሳም ድብም የለውም። ሰርከስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ ሲጀመር 1991 ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ወደ ውጭ ወሬ ስለምገባ።) ያኔ የነበረው የሰፈር ልጆችና ጉልበታቸው ብቻ ነው። ከዚያ ጅማ፣ መቀሌ እያለ ተስፋፋ። በ2004 ፍካት ሰርከስ መጣ። የፍካት ልጆች አፍንጫቸው ላይ ቀይ ኳስ አድርገው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል እየገቡ የታመሙ ልጆችን ያስቃሉ። በ2015 ደግሞ የአፍሪካን የሰርከስ ፌስቲቫል እዚሁ አዘጋጁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም እንስሳ የለም።

በዚህ ልንኮራ እንችላለን። ግን አልዋሽም፣ እንስሳ የሌለን አዝነን አይመስለኝም፤ ቸግሮን ይመስለኛል። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን 150 ኪሎ ግድም ይበላል። ጅምናስቲክ የሚሠራበት ፍራሽ ያጣ ቡድን ዝሆን ከየት አምጥቶ በምን ይቀልበዋል? ችግር አንዳንዴ እንዲህ ከኃጢአት ያድናል።

ሰርከስ የሚባለው ነገር ራሱ ግን የተጀመረው በእንስሳ ነው። ፊሊፕ አስትሊ የሚባል ጡረታ የወጣ ፈረሰኛ ወታደር በ1768 ለንደን ውስጥ በፈረስ ላይ ትርኢት ማሳየት ጀመረ። ፈረሱ ክብ እየሠራ ሲጋልብ ጀርባው ላይ ለቆመው ሰው ሚዛን መጠበቅ ይቀለዋል። ከዚያ የክቡ ስፋት ከጫፍ ጫፍ 13 ሜትር ግድም ሆኖ ቀረ። ዛሬም ፈረስ የሌለው ሰርከስ ሳይቀር በዚያው ልክ ይሠራል። ዝሆኑም፣ አንበሳውም፣ ነብሩም ኋላ ነው ወደዚያ ክብ የገቡት።

እኔ ይህን ሁሉ ያነበብኩት የሚጣ ጥያቄ ስላላስተኛኝ ነው። ያላስተኛኝ ግን ዝሆን አይደለም። ጦጣ ናት።

ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። ከቤታችን ሁለት አጥር አለፍ ብሎ አንድ ግሮሰሪ ነበር። ስሙን ተዉት። በሩ ላይ ጽድ አለ፣ ጽዱ ላይ ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ጦጣ። ጮሌ ነበር ስሟ። ድራፍት ከዚያ የተሻለ የሚቀዳበት ቤት መዓት ነበር፤ ሰው ግን ለጮሌ ሲል እዚያ ይመጣል። ቅዳሜ ከሰዓት መቀመጫ አይገኝም።

ጮሌ የማትሠራው የለም። «ወታደር!» ሲሏት ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። «ኮረዳ!» ሲሏት ፀጉሯን ትዳስሳለች። «ሰካራም!» ሲሏት እየተንገዳገደች ሄዳ ትወድቃለች። ይሄኛው ላይ ሰዉ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። አንዳንዴ እውነትም ሰክራ ነበር፤ ከጃምቦ የተረፈውን ይሰጧታል። ሲጨርሱ ከንፈሯን ወደ ኋላ ስባ ጥርሷን በሙሉ ታሳያለች። «አያችሁ፣ ትስቃለች!» ይባላል። እኛም አጥር ላይ የተንጠለጠልን ልጆች «ትስቃለች!» እንላለን።

አንድ ነገር ግን ያኔም አይቼ ነበር። ጮሌ ስትራመድ ሰንሰለቷን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ አንገቷን እንዳይጎትታት። ዝናብ ላይ ነጠላዋን ሰብስባ እንደምትሄድ ሴት። ማንም አላስተማራትም። ትርኢትም አይደለም፣ ለዚያ ኦቾሎኒ የሚሰጣት የለም። ጽዱን እየዞረች የረገጠችው መሬት ሣር አልነበረበትም። ጥርት ያለ ክብ ነበር።

አሁን የራሴ ነውር። ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ግሮሰሪው አልተከፈተም፤ እኔና እሷ ብቻ ነን። ኪሴ ውስጥ ኦቾሎኒ ነበረኝ፣ በልቼ ጨርሼዋለሁ፣ የቀረኝ ቅርፊት ነው። ሁለቱን ቅርፊቶች ገጥሜ ሙሉ አስመሰልኩና «ወታደር!» አልኳት። ቆመች፣ ሰላምታ ሰጠች። ወረወርኩላት። አነሳችው። ቅርፊቱን ከፈተች። ውስጡን አየች። እኔን አየች። ከዚያ እጇን እንደገና ግንባሯ ላይ አደረገች።

ሳቅኩ። ለልጆቹም ነገርኳቸው፣ እነሱም ሳቁ። ለሁለት ሳምንት የሰፈሩ ጨዋታ እሱ ሆነ፣ ባዶ ቅርፊት መወርወር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የእንስሳት ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች የጻፉትን ያነበብኩት። ጦጣ፣ ዝንጀሮና ቺምፓንዚ እንዲያ ጥርሳቸውን ሲያሳዩ አብዛኛውን ጊዜ ፈርተዋል ማለት ነው። «አትምታኝ፣ እሺ» እንደማለት ነው። በማስታወቂያና በሰርከስ ፎቶ ላይ «ፈገግ» የሚለው ቺምፓንዚም ፍርሃቱን ነው የሚያሳየን። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርኩ፣ መጽሐፉን ዘጋሁት። ስንት ቅዳሜ ነው ያች ጦጣ እየለመነችን እኛ ያጨበጨብነው?

እንዴት እንዳሠለጠኗት የገባኝም ኋላ ነው። ዱላ ብዙ አላየሁም። ከሥራ በፊት አትበላም፣ አለቀ። የግሮሰሪው ዘበኛ «የጠገበ አይማርም» ሲሉ ትዝ ይለኛል፣ እንደ ቁም ነገር። ዝሆን ላይ ሲሆን ረሃብ ብቻ አይበቃም። አምስት ሺህ ኪሎ የሚመዝን ፍጥረት በፊት እግሩ እንዲቆም የሚያዘው ሰው እጁ ላይ ጫፉ የቆለመመ ብረት ያለበት በትር አለ። ከጆሮው ኋላና ከእግሩ ግድም፣ ስስ በሆነው ቦታ ይጎነትልበታል። ተመልካች ከሩቅ ሲያየው ቀጭን ዘንግ ነው። ዝሆኑ አንዴ ከለመደው በኋላ መውጋት እንኳ አያስፈልግም፣ ማሳየት ይበቃል።

ስለዚያ በትር የማይረሳኝ ነገር አለ። ሪንግሊንግ ብራዘርስ የሚባለው የአሜሪካ ሰርከስ ከመቶ ዓመት በላይ ዝሆን ሲያሳይ ኖረ። ሎስ አንጀለስን የመሰሉ ከተሞች ዝሆኑን ሳይሆን በትሩን ከለከሉ። ይዛችሁ ኑ፣ ግን ያቺን ብረት ተዉ፣ ነው ነገሩ። ሰርከሱ በ2015 የየከተማው ሕግ አላሠራ ስላለው ዝሆን ማሳየቱን እንደሚተው ተናገረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ዝሆኖቹ ለመጨረሻ ጊዜ ቀረቡ። በትሩ ሲከለከል ዝሆኑም ቀረ። ስለ «ፍቅርና መተማመን» ብዙ ተብሎ ነበር፣ ይቺ ግን ሁሉንም የምትናገር ይመስለኛል። ሰርከሱ ራሱ በ2017 ተዘጋ። በ2023 ሲመለስ የመጣው ያለ እንስሳ ነው። እንደኛ ማለት ነው።

ትርኢቱ ደግሞ የቀኑ ትንሹ ክፍል ነው። ደቂቃዎች ናቸው። የቀረው ሰዓት ሰንሰለት፣ የባቡር ፉርጎ፣ የጭነት መኪና ነው። በዱር ሲሆን በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ እንስሳ አንድ ቦታ ቆሞ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወዛወዛል። ያየ ሰው ይጨፍራል ይላል፤ እኛም ትስቃለች ብለናል። አንዳንዴ ደግሞ ይበጠሳል። በ1994 ሆኖሉሉ ውስጥ ታይክ የምትባል ዝሆን በትርኢት መሐል አሠልጣኟን ገድላ ወደ አስፋልት ወጣች። ፖሊስ ከ80 በላይ ጥይት ተኮሰባት። ቪዲዮው አለ። እኔ ግማሽ ድረስ ነው ያየሁት፤ እናንተም አትዩት።

አገሮች ቀስ በቀስ ነቁ። ቦሊቪያ በ2009 ማንኛውም እንስሳ፣ የቤትም የዱርም፣ ሰርከስ ውስጥ እንዳይታይ ከለከለች፤ ከሁሉም ቀድማ። እንግሊዝ ሕጉን ያወጣችው በ2019 ነው፣ ያኔ የቀሯት የሰርከስ የዱር እንስሳት 19 ብቻ ነበሩ፣ አንዲት ቀበሮ ጭምር። ከሁሉም የምወደው ግን የዴንማርክ ታሪክ ነው። በዚያው ዓመት የዴንማርክ መንግሥት በአገሩ የቀሩትን አራት የሰርከስ ዝሆኖች በ11 ሚሊዮን ክሮነር ገዝቶ ጡረታ አወጣቸው። አንደኛዋ ራምቦሊን ትባላለች። ራምቦሊን አሊ የሚባል ግመል ወዳጅ ነበራት። ሳይለያዩ ይቆዩ ተብሎ ግመሉም አብሮ ተገዛ። እስቲ አስቡት፣ የመንግሥት በጀት ላይ «አንድ ግመል፣ ምክንያት፦ ጓደኝነት» ተብሎ ሲጻፍ።

ይህን ለአንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጄ ቡና ላይ ስነግረው «አንተ ደግሞ፣ ሰው መቼ ጠገበና ነው ለግመል ጡረታ?» አለኝ። ጠብቄው ነበር። «ይልቅ አትክልት ተራ የምታያትን አህያ ምን ትላለህ?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ናት። መርካቶ ጀርባዋ ተልጦ ከአቅሟ በላይ የምትሸከም አህያ አጠገቤ ስታልፍ እኔ የማደርገው ልብሴ እንዳይነካ መሸሽ ነው። ከዚያ ቢሮ ገብቼ ስለ ሆኖሉሉ ዝሆን አነባለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ወዳጄ ልክ ነው። ግን ደግሞ አህያዋ ለጭብጨባ አይደለም የምትሸከመው፤ እህሉ ለሰው እንጀራ ነው። ኮረዳ ምሰይ አላሏትም። ልዩነቱ ጀርባዋን አያድንላትም፣ አውቃለሁ። ለኔ ግን ልዩነት አለው። ቡናው ቀዘቀዘ፣ አልተስማማንም።

ቅዳሜ ሚጣን ስድስት ኪሎ ወሰድኳት። ዝሆን ባላሳያት አንበሳ ላሳያት ብዬ። አንበሳ ግቢ በ1948 በጃንሆይ ዘመን የተከፈተ ነው። የዚያ ግቢ አንበሶች ቀላል አይደሉም። ጎፈራቸው ጥቁር ነው፣ እስከ ደረታቸው ይወርዳል። በ2012 የታተመ ጥናት ከ15ቱ ናሙና ወስዶ በዘር ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል።

ይህ ከተማ ደግሞ ያለ አንበሳ ስም የማያውቅ ከተማ ነው። አውቶቡሱ አንበሳ፣ ሆስፒታሉ አንበሳ። ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ ጣሊያን ሮም ወስዶት የተመለሰ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ጋ የቆመው የድንጋይ አንበሳ ሥር ስንት ሰው ተቀጣጥሯል። የድንጋዩን አንበሳ ማንም «አንዴ አግሳ» አይለውም።

እውነተኛው አንበሳ ተኝቷል። ከሰዓት ነው፣ ፀሐይ ነው፤ አንበሳ በዱርም ቢሆን የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ይተኛል። ተመልካቹ ግን ቲኬት ቆርጧል። «ተነስ!» ይላል አንዱ። አንዱ ያፏጫል። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ «ጩኽበት፣ ያገሳልሃል» ይለዋል። ልፈርድ ነበር፣ አፌን ከፍቼ ሁሉ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ አራተኛ ክፍል ሆነን ከትምህርት ቤት መጥተን እዚያው ቦታ ቆሜ ጠጠር ወርውሬያለሁ። ሆዱ ላይ አረፈች። አንበሳው ዓይኑን ከፍቶ አየኝና መልሶ ጨፈነ። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ይባል የለ፤ ዝንቡ እኔ ነበርኩ።

አንበሳው በመጨረሻ ቀና ብሎ አዛጋ። ስልኮች ሁሉ ተነሱ፣ አንዳንዱ አጨበጨበ። ማዛጋቱን ነው።

ሚጣ አጥሩን ይዛ ብዙ ቆየች።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«የማን?»

«የሱ።»

«መታየት» አልኳት። ሌላ ቃል አጣሁ።

«ደመወዙስ?»

«ሥጋ።»

አሰበችበት። «የሰርከሱ ልጅ ግን ኮፍያው ሲወድቅበት ሳቀ» አለች። እንዴት አያይዛው እንደመጣች እንጃ። ልጁ የሳቀው ሳቅ ለኔም ዓይኔ ላይ ነበር። ሦስቴ ሊጥል ይችላል፣ እጅ ነስቶ ሊወጣ ይችላል፣ ነገ «አመመኝ» ብሎ ሊቀር ይችላል። ጮሌ ባዶ ቅርፊት ይዛ እንኳ አልቀረችም።

ጮሌ የጠፋችው እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አንዱ ሞቅ ያለው ደንበኛ ጃምቦውን ጭንቅላቷ ላይ ደፋው፣ ነከሰችው። በማግስቱ ጽዱ ባዶ ነበር። የት ሄደች ያለ ሰው ትዝ አይለኝም፤ እኔም አላልኩም። ግሮሰሪው ትንሽ ቆይቶ ቴሌቪዥን አስገባ፣ ኳስ ማሳየት ጀመረ።

ካዛንቺስ ፈርሶ ሰፈራችን ተበትኗል፤ አሁን የምንገናኘው ቀብር ላይ ነው። አምና አንዲት ጎረቤታችን አርፈው ኡራኤል ሄድኩ። ከቀብር በኋላ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። የግሮሰሪው ዘበኛ ናቸው። ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፣ ከልጃቸው ጋር ናቸው። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ውሃው ፈረቃ ስናወራ ቆየን። ከዚያ እንደ ዋዛ አደረግኩና፦

«ጋሼ፣ ያቺ ጦጣስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«ጮሌ?» አሉኝ፣ ስሟን ሳልጠራላቸው። «አስወግዳት ተባልኩ። ዱላ ሰጡኝ። እጄ እንቢ አለኝ። ሌሊት በኬሻ አድርጌ እንጦጦ ወሰድኳት። ጫካው ጋ ፈታኋት።»

«እሺ?»

«ሂጂ ብላት ትከተለኛለች፣ ሂጂ ብላት ትከተለኛለች። ድንጋይ ወረወርኩባት። ምን ላድርግ፣ አንተ ልጅ። ቆማ እንዲህ አደረገችልኝ።»

ንፍሮውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ቀኙን ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

ሁለታችንም ዝም አልን። ሻይ የምታዞር ልጅ መጣች፣ አነሳን። እሳቸው ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመሩ፣ ብዙ አማሰሉት።

«ሰንሰለቷ እኔ ጋ አለች» አሉኝ። «የድሮ ብረት ናት፣ ጠንካራ። የሮቶውን ክዳን ነው የማስርባት። እዚያ ሰፈር ክዳን ይሰርቃሉ።»